በ6 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ፕሌይኦፍ መግባት ይቻላል?

ሰላም ወንድሜ። የበረዶ ሆኪ ቡድኔ 14 ጨዋታ ቀርቶት ከፕሌይኦፍ (ለዋንጫ ከሚደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር) መስመር በ6 ነጥብ ርቋል፣ ተስፋ አለው ወይ ብለሃል። አለው፤ ግን ከሚመስለው ይከብዳል።

6 ነጥብ የ3 ድል ጉዳይ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ) ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል፤ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈም 1 ነጥብ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንተ እያሸነፍክም ከፊትህ ያሉት እየተሸነፉ ነጥብ ይለቅማሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ከተፎካካሪዎቹ ጋር የቀሩትን ጨዋታዎች ነው። ቡድንህ እነዚያን በመደበኛው 60 ደቂቃ በድል መጨረስ አለበት። ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየውም የመደበኛ ሰዓት ድል ነው።

በ2024 ዋሽንግተን ካፒታልስ ያለፈው በዚሁ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ከፊላደልፊያ ጋር 1 ለ 1 ነበሩ። ፊላደልፊያ የግድ በመደበኛ ሰዓት ማሸነፍ ስለነበረበት ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ አጥቂ ጨመረ። የካፒታልሱ ቲጄ ኦሺ ባዶው ግብ ውስጥ ከተታት። እንዴት ያለ ምሽት ነበር! ካፒታልስ ከዲትሮይት ጋር በ91 ነጥብ እኩል ጨርሶ አለፈ። በፕሌይኦፉ ግን ኒውዮርክ ሬንጀርስ አራቱንም ጨዋታ አሸንፎ አሰናበተው።

ሌላው ወሳኝ ነገር ግብ ጠባቂው ነው። ሴንት ሉዊስ ብሉስ በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ላይ የሊጉ ጭራ ነበር። ጆርዳን ቢኒንግተን ግቡን ሲረከብ ቡድኑ ነፍስ ዘራ፤ በጁን ዋንጫውን አነሳ። የአንተ ቡድን ግብ ጠባቂ አሁን ጥሩ አቋም ላይ ከሆነ እኔ ተስፋ አልቆርጥም።