«ሰባት ወር እናቴን ሳስታምም ቆየሁ፤ ሲቲዝንነቴ ተበላሸ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ መጥቼ ደለስ ኤርፖርት ያረፍኩት ሜይ 14፣ 2021 ነው። ሜሪላንድ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። በ2015 ከጥር 1 እስከ ነሐሴ 4 ደሴ እናቴን ሳስታምም ቆየሁ። ጓደኞቼ «ስድስት ወር ስላለፈህ ለዜግነት የሚቆጠረው አምስት ዓመት ከዜሮ ይጀምራል» ይሉኛል። አንዱማ «ጉዞውን አትጻፈው» አለኝ። መቼ ማመልከት እችላለሁ? ኢትዮጵያዊነቴስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ እንኳን ተረፉልህ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የዜግነት ኢንተርቪው ላይ የማስተረጉም ሰው ነኝ። የምነግርህም እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ወደ ፈረንጁ እንመልሰው። ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ 2023 ነው፤ ነሐሴ 4 ደግሞ ኦገስት 10። ሰባት ወር ከአንድ ቀን ማለት ነው። የማመልከቻው ፎርም ላይ በሐበሻ አቆጣጠር እየጻፈ ኦፊሰር ፊት የሚደናገር ስንቱን አይቻለሁ!

ጓደኞችህ ግማሹን ነው ያወቁት። ከስድስት ወር በላይ ከዓመት በታች ውጭ የቆየ ሰው ኑሮውን እንዳቋረጠ ይገመታል፤ ግምቱን ግን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል። ሥራህን አለመልቀቅህን፣ ቤትህ እንደነበረ መቆየቱን፣ ባለቤትህና ልጆችህ እዚሁ መሆናቸውን፣ ደሴ ተቀጥረህ አለመሥራትህን አሳይ። አለቃህ ፈቃድ ሰጥቶህ ሄደህ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፍልህ። የቤት ኪራይ ውልህን፣ የታክስ ወረቀትህን፣ የልጆችህን የትምህርት ቤት መዝገብ ያዝ። ዓመት የሞላው ጉዞ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ከአምስቱ ዓመት ውስጥ 30 ወር በአካል እዚህ መገኘትም ያስፈልጋል፤ እሱ ያንተ ችግር አይደለም።

«አትጻፈው» ያለህን ሰው ምክር ግን አትስማ! መግባትህና መውጣትህ የኢሚግሬሽን መዝገብ ላይ አለ። እኔ ራሴ ፎርሜን ስሞላ ቶሮንቶ ለሰርግ የሄድኩባትን ሦስት ቀን ረሳሁና ኦፊሰሩ «ካናዳስ?» ብሎ ሲያየኝ ላብ አጠመቀኝ። ረስቼ ነው አልኩት፣ እርማቱን ጻፈ፣ አለፍን። መርሳት ሌላ፣ መደበቅ ሌላ፤ በሐሰት የተገኘ ዜግነት ከዓመታት በኋላም ይነጠቃል።

መቼ ላልከው፣ ግሪን ካርድህ ላይ «ነዋሪ የሆነበት ቀን» የሚለውን እይ። ሜይ 14 ካለ አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ 13፣ 2026 ጀምሮ የዜግነት ማመልከቻውን ፎርም፣ ኤን-400ን፣ ማስገባት ትችላለህ። ከዚያ አንድ ቀን እንኳ አትቅደም። ኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ከዚያ አሻራ፣ ኢንተርቪው፣ ቃለ መሐላ። የጊዜው ርዝመት እንደ ቢሮው ይለያያል፤ በአምስት ወር የጨረሰም፣ ዓመት የጠበቀም አይቻለሁ። ከኢንተርቪው በኋላ 120 ቀን ውሳኔ ካላገኘህ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ኢንተርቪው ላይ የሚሰጠው የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ፈተና ደግሞ ከኦክቶበር 20፣ 2025 ወዲህ ላመለከተ ከብዷል፤ ከ128 ጥያቄ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለብህ። የድሮውን የመቶ ጥያቄ ወረቀት ከሰው ተቀብለህ እንዳትሸመድድ።

ኢትዮጵያዊነትህን በተመለከተ፣ አዋጅ 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ወደህ አሜሪካዊ ስትሆን ይቀራል። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ታወጣለህ፤ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለህ፣ ቤት ይኖርሃል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም።

ለምን እንደቆየህ የሚያሳየውን የእናትህን የደሴ ሆስፒታል ወረቀት ዛሬውኑ ለዘመድ ደውለህ አስጀምር። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተርጓሚው የፈረመበት መሆን አለበት። እስከ ፌብሩዋሪ ሩቅ ይመስላል እንጂ፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ የገባ ዕለት ታውቀዋለህ።