ሳልመልስለት የቀረሁት ልጅ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ሀውልቱ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ የጎረቤታችን ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ደብተሯን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ ቀይ የደም ሴል ሚቶኮንድሪያ ከሌለው ጉልበቱን ከየት ያመጣል?" ስትለኝ ማኪያቶው አፌ ውስጥ መረረኝ። ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። በ1979 ዓ.ም. ተጠይቄያታለሁ።

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ስዬ፣ ኒውክለሱን መሀል ላይ እንደ እንቁላል አስኳል አስቀምጬ፣ ራይቦዞም ፕሮቲን ይሠራል፣ ጎልጂ አሽጎ ይልካል፣ ሊሶሶም ያረጀውን ይፈጫል፣ ሚቶኮንድሪያ ምግብና ኦክስጅን ተጠቅሞ ኤቲፒ የሚባለውን የሴሉን ጉልበት ያወጣል እያልኩ ስነዳው ቆይቼ፣ የበሰለ ቀይ የደም ሴል ግን ኒውክለስም ሚቶኮንድሪያም የለውም ብዬ ላልፍ ስል መስኮቱ ጋ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ። ሹራቡ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነ ነው። "ቲቸር፣ ታዲያ በምን ይኖራል?"

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ያኔ ሞት መሰለኝ። "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ አንተ መጀመሪያ የተጻፈውን ገልብጥ" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ክርኑን በእጁ ሸፈን አድርጎ ቁጭ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለተኛ እጁን አላወጣም።

የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። መልሱን በሦስተኛው ቀን አግኝቼዋለሁ! ብሔራዊ ትያትር ጋ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዝቼ (ያኔ ምሳዬን ዘልዬ መጽሐፍ እገዛ ነበር፣ አሁን ለመነጽር ነው የማወጣው)። ሴሉ መቅኒ ውስጥ ሲጀምር ሁሉም ነገር አለው፣ ሲበስል ኒውክለሱን ተፍቶ ሚቶኮንድሪያውንም አስወግዶ ቦታውን ኦክስጅን ለሚሸከመው ለሂሞግሎቢን ይለቃል። ጉልበቱን የሚያገኘው ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን ሰባብሮ ነው፣ ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው ግን ይበቃዋል፣ የተሸከመውን ኦክስጅን ለራሱ አይነካም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባለው እሱ ዘንድ አይሠራም፣ ሳይበላ 120 ቀን ገደማ አገልግሎ፣ አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ራሱን መጠገን ስለማይችል አርጅቶ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል።

ይሄን ሁሉ ይዤ ክፍል ገባሁ፣ ልጁን አየሁት፣ ስለ ዕፅዋት ሴል ማስተማር ቀጠልኩ። አፈርኩ በቃ።

አጥኑ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁ ይበቃሉ። የናንተ ችግር ጥያቄው ሳይበስል ስልክ ውስጥ መልስ መፈለጋችሁ ነው፣ ሰው ፊት እጅ ማውጣት ጠፍቷል እላለሁ ሁሌ፣ ግን ይቺ ልጅ ይኸው ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ እኔ ጋ መጣች፣ እጅ ማውጣትን የገደልንባችሁም እኛው ሳንሆን አንቀርም። የማታውቁትን ስትጠየቁ አላውቅም በሉ፣ ያወቃችሁ ቀን ደግሞ ተመለሱ። ከሁለቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው፣ ልጁ ረስቶታል ብላችሁ ራሳችሁን ትሸነግላላችሁ።

ነግሬያት ስጨርስ "የዶሮስ እንደዚሁ ነው?" አለች። አላውቅም አልኳት። ቤት ገብቼ ሳየው የዶሮ ቀይ የደም ሴል ከነኒውክለሱ ነው የሚኖረው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ነጠላዬን ደርቤ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።