«እኛስ ምን እናድርግ?»፦ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ለምወዳችሁ ልጆቼ፣

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ስንገናኝ ከምታነሱልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንዱ ይደጋገማል። «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሆን ሁሉም ግልጽ ነው፤ ሰኞ ሥራ ስገባ ግን ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል» ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቂሊንጦ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገና መመረቃችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሱቅ ትውላላችሁ። ሚኒባስ ላይ በረዳትነት የምትሠሩም አላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በግንባታ ሥራ፣ አብዛኛውንም በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ነው። ሰባኪ ስላልሆንኩ በማውቀው በኩል ልንገራችሁ።

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ክፈቱ። ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ አካባቢ ንስሐ ግቡ እያለ ይሰብካል። ሰዉ ልቡ ተነካና «እንግዲህ ምን እናድርግ?» አለው። እሱም «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፥ ምግብም ያለው እንዲሁ ያድርግ» አላቸው። ቀራጮች መጡና ያንኑ ጠየቁ። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ወታደሮችም «እኛስ?» አሉ። ለእነሱ ደግሞ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው።

ይህን ክፍል ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ለቀራጩ የነገረውን ለወታደሩ አልነገረውም። ቀራጭ የሚፈተነው ከተተመነው በላይ ሲቀበል ነው፤ ወታደር የሚፈተነው ጉልበቱን ተጠቅሞ ሲቀማ ነው። ለእያንዳንዱ እዚያው በሥራው ውስጥ ያለችውን ቦታ ነካለት። እሱ ራሱ የበረሃ ሰው ሆኖ ሳለ ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡ አላላቸውም። ምንኩስና ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለተጠራ ሰው እሰየው። አብዛኞቻችን ግን ነገ ጠዋት ወደዚያው ጠረጴዛ፣ ወደዚያው ሳይት ነው የምንመለሰው። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፦ የእኔ ሥራ ፈተናው የት ጋ ነው?

በእኔ ሙያ ፈተናው ያለው ሳጥኑ ላይ ነው።

በየሳይቱ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርባትን የእንጨት ሳጥን የግንባታ ልጆች ታውቋታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ሲ-25 ለሚባለው የኮንክሪት የጥንካሬ ደረጃ በተለምዶ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 50 ኪሎ፣ ከሁለት ሳጥን አሸዋና ከሦስት ሳጥን ጠጠር ጋር ይቦካል። ሳጥኑ ሲሞላ ከአፉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ትንሽ ቢቆለል ማንም ልብ አይለውም። ቀኑን ሙሉ ሲቆለል ግን ያው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአቅሙ በላይ አሸዋና ጠጠር ይሸከማል፣ ኮንክሪቱም ይሳሳል። ውሃም እንደዚያው ነው። ለመዛቅና ለማፍሰስ እንዲቀል ተብሎ ሲጨመር የሚደርቀው ኮንክሪት ይደክማል። ሁለቱም በዓይን አይታዩም። ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላማ ማን ያውቃል?

«ናሙና ይወሰድ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይወሰዳል። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ተጭኖ ጥንካሬው ይለካል። ነገር ግን ናሙናው ከየትኛው ሚክሰር እንደሚወሰድ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያቺን ብቻ አሳምሮ ሊያቦካት ይችላል። ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢትህ ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ሲል ሰው እህልና ብር ስለሚመዝንበት ድንጋይ ነበር የሚናገረው። ለናሙናው አንድ አቦካክ፣ ለሶሌታው፣ ማለትም ለፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሌላ አቦካክ ካለን ግን የእኛ ሁለት መመዘኛ ያው ነው። ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። የሚዛን ጉዳይ ከጸሎት ጉዳይ ጋር እኩል እግዚአብሔር ፊት ይቀርባል ማለት ነው።

አብሮኝ የሠራ አንድ ፎርማን ነበር። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን አንዲት አጭር ጣውላ ከእጁ አትለይም። ሳጥን በሞላ ቁጥር ጣውላዋን አፉ ላይ ያስኬድና ትርፉን ይጠርገዋል። አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ ሁሉም ይሯሯጣል። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ዝናቡ መጣብን እኮ! እሷን ጣውላ ለዛሬ ይተዋት» አለው። ፎርማኑ ቀና ሳይል «ከሥሩ ሰው ይተኛል እኮ» አለና ያንንም ሳጥን ጠረገው። ትምህርቱ ብዙ አልነበረም፤ ዳዊት ግን በቃሉ ይደግም ነበር። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ቃል ሳስብ የምትመጣብኝ የሱ ጣውላ ናት። ያ ባልንጀራ ገና ቤቱ ያልደረሰው፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው ነበር።

ሱቅ ለምትሠሩት ሳጥኑ ሚዛናችሁ ነው። ረዳቶች፣ የእናንተ ሲመሽና ሲዘንብ የሚጨመረው ታሪፍ ነው። ከቱሉ ዲምቱ መሄጃ ያጣች እናት አማራጭ እንደሌላት እያወቃችሁ የምትጨምሩባት ብር «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ከሚለው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ቢሮ ያላችሁም ባለጉዳይን «ነገ ና» የምትሉበትን ምክንያት መርምሩ።

ሁለተኛው ነገር የሠራተኛ ደመወዝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጸሎተኛ ሰው ሲወድቅበት ያየሁት እዚህ ጋ ነው። በኮዬ ፈጬና በገላን ዙሪያ ያለውን ሕንፃ የተሸከሙት ቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው። አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው ያድራሉ። ቅዳሜ የሚጠበቀው ክፍያ ወደ ሰኞ ሲዛወር እሑድን በዱቤ ነው የሚያሳልፉት፤ ዱቤ የሚሰጣቸው ካገኙ። ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛው ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። አንድ ሌሊት እንኳ! ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም እግዚአብሔር ጆሮ ይገባል ይለናል። መጽሐፈ ሲራክማ የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀር ደም እንዳፈሰሰ ይቆጥረዋል።

ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ የሠራተኛ ክፍያ ለሳምንታት የሚያሳድር አሠሪ አይቻለሁ። ኢሳይያስ 58 ላይ ያለው ወቀሳ ለሱ የተጻፈ ይመስላል፦ «በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፥ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ።» ጾሙን ይተው አልልም። እኔም ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ ጾም የሌለበት ሕይወት ምን ያህል እንደሚላላ አውቃለሁ። ከጾሙ ጋር ክፍያውንም በጊዜው ያድርስ ነው የምለው።

«እኛ ገንዘቡን አንይዝም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የቀን ሠራተኛው የሠራበትን ቀን የሚመዘግበው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ በእናንተ በጀማሪዎቹ እጅ ነው። ያቺ ወረቀት ዓርብ ካልተፈረመች ቅዳሜ ክፍያ የለም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት ፈርሙ። ስማቸውንም አጥኑ። «አንተ ልጅ» እየተባለ የሚውል ሰው በስሙ ሲጠራ ፊቱ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ።

ሦስተኛው ፊርማ ነው። ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ተቆጥሮ የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ወረቀት ላይ፣ ይገባና «ኢንጂነር፣ ይህቺን ለዛሬ ፈርምልን፤ በሚቀጥለው ክፍያ እናስተካክላታለን» ትባላላችሁ። ጥያቄው የሚመጣው በክፉ ሰው አፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቡና አብራችሁ የምትጠጡት፣ የምታከብሩት ሰው ነው። ለዚህ ነው ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ቀድማችሁ እንድታነቡ የምፈልገው። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ በልቡ የወሰነው ምግቡ አፉ ጋ ሳይደርስ ነው። ሲናገርም አልጮኸም፣ አልሰደበም። አለቃውን በትሕትና ለመነው። «10 ቀን አትክልትና ውሃ ስጠንና ፈትነን» ብሎ አማራጭ አቀረበ። እናንተም እምቢ ስትሉ አጭር አድርጉት። ስብከት አትጨምሩበት። «አሁኑኑ ሄደን አብረን እንለካው፤ የተሠራውን ያህል እፈርማለሁ» በሉ። ሜትሩን አንስታችሁ ከወንበራችሁ ተነሡ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ታማኝነት ሁልጊዜ ሹመት አያመጣም። በየመድረኩ የሚነገረው ምስክርነት «እምቢ አልኩ፣ እግዚአብሔርም ከፍ አደረገኝ» በሚል ስለሚያልቅ ወጣቶች ዋጋውን ቶሎ ይጠብቃሉ፤ ሲዘገይ ደግሞ ይሰበራሉ። ዮሴፍ የጲጥፋራን ሚስት እምቢ ባለ ጊዜ ያገኘው እስር ቤት ነው፤ ዘፍጥረት 39 የሚያበቃው እዚያው እስር ቤት ውስጥ ነው። «እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ» የሚለው ቃል በዚያው ምዕራፍ በጲጥፋራ ቤትም በእስር ቤቱም ይነገራል። የማውቀው አንድ ባለሙያ አልፈርምም ብሎ ሩቅ አገር ወዳለ ሳይት ተዛወረ። የጠበቀው ዕድገት ለሌላ ተሰጠ፤ ኋላም አልተመለሰለትም። ልጆቹን ግን ቀና ብሎ ያያቸዋል። ይህ ይበቃኛል ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ጓደኛ ያዙ፣ እኔም አለሁ።

ስለ ማንበብ ደግሞ ትንሽ ልበል። ከዚህ እስከ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሰልፉም አለ። ያንን ጊዜ ተጠቀሙበት። ስልካችሁ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ግን ጥቅስ በጥቅስ አትልቀሙ። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ፊልጵስዩስ 4፥13 በየሚኒባሱ መስታወት ላይ ተለጥፏል። አንድ ቁጥር ከፍ ብላችሁ ስታነቡ ጳውሎስ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል። የጻፈውም ታስሮ ሳለ ነው። የቻለው «ሁሉ» ረሃብንም ይጨምራል። ጥቅሱን ብቻ የያዘ ሰው ፈተና ሲወድቅ ወይም ሥራ ሲያጣ እምነቱ የከዳው ይመስለዋል። ምዕራፉን ያነበበ ግን መጉደልም በውስጡ እንዳለ ያውቃል።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ከከበዳችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ በጆሮ ሲሰማ ይቀልላል። ዳዊት ለምትደግሙ ደግሞ አባቶች መንገዱን አቅልለውታል። መዝሙሩን አሥር አሥር አድርገው «ንጉሥ» እያሉ ከፍለውታል። አንድ ንጉሥ ካቃታችሁ አንድ መዝሙር በቂ ነው። በሥራ መካከል ለመጸለይም ቦታ አትፈልጉ። ነህምያ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ንጉሡ ፊት ቆሞ ነው፤ ስንት ትንፋሽ ይሆን? ስብሰባ ልትገቡ ስትሉ፣ ሰው ሲያናድዳችሁ እንደሱ አድርጉ።

ሥራ ያላገኛችሁስ? ከሁላችሁ ይልቅ ስለ እናንተ አስባለሁ። ዮሐንስን መጀመሪያ የጠየቁት ሙያቸው ያልተጠቀሰው ሕዝቡ ናቸው፤ መልስም ያገኙት ከሁሉ ቀድመው ነው። ያለውን የሚያካፍል ሰው ሥራ እስኪይዝ አይጠበቅም። በኮንዶሚኒየሞቻችን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አሮጊት እናቶች አሉ፤ ሊፍት የለም። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዚያ ደረጃ ማን ያወጣላቸዋል? በእናንተ ብሎክ ያሉትን ታውቋቸዋላችሁ?

ነህምያ ምዕራፍ 3ን በዚህ ሳምንት አብረን እናንብበው። ብዙ ሰው የስም ዝርዝር ነው ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን እንደ ሳይት መዝገብ ነው የማነበው። ማን የትኛውን በር እንደሠራ፣ ማን በቤቱ አንጻር ያለውን የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዳደሰ አንድ በአንድ ተጽፏል። ሰሎም የሚባለው ከሴቶች ልጆቹ ጋር ነው የሠራው። የቴቁሐ ከተማ ታላላቆች ትከሻቸውን ለሥራው አላዋረዱም፤ ተራው የቴቁሐ ሕዝብ ግን የራሱን ክፍል ጨርሶ ሌላ ሁለተኛ ክፍል ጨመረ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። እናንተ እያነበባችሁ ከብሎካችሁ ፊት ለፊት ያለው የተበላሸ ነገር ምን እንደሆነ ጻፉና እሑድ ይዛችሁልኝ ኑ። እኔም የኔን ብሎክ እጽፋለሁ።