ለአዲስ ጀማሪ ነርሶች፦ ስም እየጠራችሁ አመስግኑ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ለልምምድ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ሻይ ቤት አገኘችኝና «ሲስተር፣ በኮሮና ጊዜ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትሄጂ ያደረገሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ሙያ ፍቅር፣ ስለ መሐላ እንድነግራት ነበር የጠበቀችው። «ቆሎ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

አገራችን ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሁዳዴ ላይ ነበርን። እኔ የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። ለይቶ ማከሚያ ክፍል የምንገባው ጋውን፣ ማስክ፣ ጓንትና የፊት መሸፈኛ ለብሰን ነው። አንዴ ከለበሱት በኋላ ውሃ መጠጣት የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ሰዓታችን ሞልቶ ስንወጣ በሩ እጀታ ላይ የገብስ ቆሎ በፌስታል ተንጠልጥሎ እናገኛለን። ማን እንደሚያንጠለጥለው ለሁለት ሳምንት አላወቅንም። ኋላ ሲጣራ የሌሊት ጥበቃው ናቸው። ባለቤታቸው ቆልተው ይልካሉ።

አስቡት፤ ያኔ ነርስ መሆኗን ሲያውቅ «ቤቱን ልቀቂልኝ» የሚል አከራይ ነበር። አንዷ ልጃችን ፍራሿን ይዛ እኔ ቤት ሁለት ወር ተቀምጣለች። እኒህ ሰው ግን ቆሎ ያመጣሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አንዷ ልጅሽ ሌሊት በር ስከፍትላት ስሜን ጠርታ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። እዚህ ስሠራ ስሜን የጠራኝ የለም፤ ዘበኛው ነው የምባለው» አሉኝ። ልጅቷ እንዲህ ማለቷን እንኳ ረስታዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት አይከብደንም። መንዝ ያደግኩ ነኝ፤ አባቴ ውሃ ላቀበለው ሁሉ ይላት ነበር። ደስ የምትል ቃል ናት። ግን አንዳንዴ ዕዳችንን ሁሉ ለእግዜር አስተላልፈን እኛ ነፃ የምንወጣባት ትመስለኛለች። አባቴ እንኳ ቃሏን ብሎ ዝም አይልም ነበር፤ በነጋታው ለዚያው ሰው አጨዳ ሊያግዝ ይሄዳል።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የጅምላ ምስጋና አለ። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በርቱ» የሚባለው። ስብሰባ መዝጊያ ነው። ማንም ቤቱ ይዞት አይሄድም።

የኦክስጅኑን ነገር ልንገራችሁ። ትልቁ ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን 6,800 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ታማሚ ከሆነ አሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል። ማታ 12 ሰዓት የተገጠመው ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አለቀ ማለት ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አየሩም ስስ ነው፤ ሳንባው ለተያዘ ሰው ትርፍ የለውም። በዚያ ብርድ ብረት ሲሊንደር እያንከባለለ የሚያመጣው ሰው ሐኪም አይደለም፣ ነርስ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ሆኖ የገባ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የተረኞች ርክክብ ላይ አንድ ወጣት ሐኪማችን ተነሣና «ትናንት ሌሊት አምስተኛ አልጋ ላይ ያሉት እናት የተረፉት ሲሊንደሩ ሳያልቅ ቀድሞ ስለመጣ ነው፤ ያመጣው እሱ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየው። ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ቢሮዬን አንኳኳ። «ሲስተር፣ ከሬጉሌተሮቹ፣ ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ኦክስጅን ከሚቆጣጠሩት፣ አንዱ ያፈሳል። ሳሙና ቀብቼ አይቸዋለሁ» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ስለው፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል።

ሦስት ሳምንት! ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ምላሴን ያዝኩት። ማን ጠይቆት ያውቃል? የሚሰማው እንዳለ ያወቀው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ምስጋና ጨዋነት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። ያመሰገናችሁት ሰው ችግር ሲያይ ይነግራችኋል። ያላያችሁት ሰው አይቶ ያልፋል። እኛ ሥራ ላይ ደግሞ ታይቶ የታለፈ ነገር ሰው ይገድላል።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። እስላም ባልደረቦቻችን ሳንለምናቸው ዲዩቲያችንን፣ የሥራ ተራችንን፣ ወሰዱልን። ግንቦት 16 ለኢድ እኛ ገባንላቸው። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ማንም «አመሰግናለሁ» አላለም፣ የዲዩቲ ሰሌዳው ላይ ስም ተሰርዞ ስም ተጻፈ፣ በቃ።

«ሲስተር፣ በምስጋና የቤት ኪራይ አይከፈልም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። አበላችሁን ጠይቁ፤ ዘግይቶ ከሆነ ደጋግማችሁ ጠይቁ። አለቃ ሆናችሁ ደግሞ ሰርተፍኬት በአበል ፋንታ የምትሰጡ እንዳትሆኑ።

ሰርተፍኬት ካልኩ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናገር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአገራችን የኮሮና ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ እኛም ጋ የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ ዝርዝሩን እንዳወጣ የተነገረኝ እኔ ነኝ። ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ ላብራቶሪውን፣ ፋርማሲውን ጻፍኩ። ጽዳቶቹን ጻፍኩ። የኦክስጅኑን ልጅና ጥበቃውን አልረሳሁም፤ እንዲያውም በዚህ ኮራሁ። ስም ተጠራ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ጋውኔን ልለብስ ስል እጄ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ነበር። ልብስ እጥበት ክፍሉን ረስቻለሁ!

የጨርቅ ጋውን እያጠብን ደጋግመን ነበር የምንለብሰው። ከታማሚ ክፍል የወጣውን ልብስ በእጃቸው የሚነክሩት እነሱ ናቸው። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን ሊትር በዘጠኝ ሊትር ውሃ እያቀጠኑ ወለል የምንወለውልበትን ሲያዘጋጁልንም አይቻለሁ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ እጃቸው ተልጦ ነው የከረሙት። ከእነሱ አንዷ ደግሞ በፕሮግራሙ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ነበረች፤ ወንበር ስትደረድር አይቻታለሁ። ስታጨበጭብም።

ወደ እጥበት ክፍሉ፣ እሷ ጋ ወረድኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ረስቼሽ ነው» አልኳት። ሰበብ ላብዛ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። «ኧረ ምን ችግር አለው ሲስተር» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ችግር እንዳለው ከፊቷ ያስታውቃል።

«ስምሽን አሁኑኑ አስገባዋለሁ» ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ወረቀት አልነበረኝም፣ የጓንት ካርቶን ቀደድኩ። የራሷን ስም ጻፍኩና ቆምኩ። «የአባትሽ ስም ማን ነው?»

ሳቀች። «እኔ የሁላችሁንም እስከ አባታችሁ አውቃለሁ። ጋውናችሁ አንገት ላይ በማርከር ተጽፏል እኮ! ሲለቅ የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች።

ስሟን እዚህ አላወጣውም፣ አልፈቀደችልኝም። ያን ዕለት ግን ፊደል በፊደል ነገረችኝ፣ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። አንዱን ፊደል ተሳስቼ ኖሮ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ አስተካከለችው።