ጌታ ነግሮኛል ያለ ሰው ጥያቄ አይፍራ

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ በብድር ሥራ ላይ ነው። ጡረታዬም ደርሷል። እሁድ ቸርች አብረውኝ የሚዘምሩ ልጆች ሰኞ ፋይላቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ይቀመጣሉ፤ ታዲያ ገና ቅጹን ሳልገልጠው አንድ ነገር ይሉኛል። «እትዬ፣ ጸልዬበታለሁ። ጌታ ነግሮኛል።»

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በእግዚአብሔር ምሪት አምናለሁ። ይህን የምለው ቀጥሎ ያለውን አንብባችሁ «የብር ሥራ እምነቷን አቀዘቀዘባት» እንዳትሉኝ ነው። ይመራል፣ እኔንም መርቶኛል። ግን ስንት ዓመት ሰው ሳይ ኖሬ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ በእውነት የተመራ ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም። ምሪት ነው ብሎ ምኞቱን የያዘ ሰው ግን ገና «እንዴት?» ስትሉት ፊቱ ይለዋወጣል።

አንድ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ብድር ጠየቀ። ፋይሉ ምን የመሰለ! መታወቂያው፣ ያላገባ ማስረጃው፣ የዋሱ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተደርድሯል። «በቀን ስንት አገኛለሁ ብለህ አስበሃል?» አልኩት። ዝም። «ለቤንዚንስ? ማደያ ተሰልፈህ የምትውልበትን ቀን ቆጥረኸዋል? ጎማውስ?» አሁንም ዝም። ከዚያ ቅር ብሎት «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ በእምነት ያዩልኛል ብዬ ነበር» አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ የዋሱ ደብዳቤ ላይ ነበር። አጎቱ ነው፣ አስተማሪ። ልጁ መክፈል ቢያቅተው የሚቆረጠው ከአጎቱ ደመወዝ ነው። ማለትም እምነቱ የልጁ፣ ዕዳው የአጎቱ ልጆች ቁርስ።

ጌታ ኢየሱስ ራሱ እኮ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል ብሏል። ተቀምጦ! መጽሐፈ ምሳሌም ስለ ዋስትና የሚለውን አንብቡት፣ ምዕራፍ 22 ላይ፣ የሰው ዋስ ሆኖ መክፈል ያቃተው ከበታቹ ምንጣፉን ይወስዱበታል ይላል። አንዳንዴ ምሳሌን ሳነብ የብድር ክፍል ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ልጁ ሄደና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብተር ይዞ መጣ። መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን ሾፌሮች ሲጠይቅ ነው የከረመው። የቤንዚኑን፣ የጋራዡን፣ የዝናቡን ወራት ሳይቀር ጽፎታል። ደብተሩ ዘይት በዘይት ሆኗል። ራሱ ደምሮ ቀንሶ «ለጊዜው የሰው ባጃጅ ይዤ ገቢ እያስገባሁ ልልመደው» አለኝ። ታዲያ ጌታ አልነገረውም ነበር ማለት ነው? እኔ እንጃ። ሳስበው ግን መጀመሪያ ሲጸልይ ከሰማው ይልቅ፣ ከዚያ ደብተር የሰማው ይበልጥ ግልጽ የነበረ ይመስለኛል፤ እግዚአብሔር በደብተር አይናገርም ያለ ደግሞ የለም።

ምልክት መጠየቅን በተመለከተ አንድ ታሪክ አለ፣ በጣም የምወደው። ዘፍጥረት 24። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ ውኃው ዳር ቆመና ምልክት ጠየቀ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «አያችሁ፣ ምልክት ጠይቆ አገኘ» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ምልክቱ ግን ምን ነበር? ከሰማይ መብረቅ አልጠየቀም። «ውኃ አጠጪኝ ስላት፣ ግመሎችህንም አጠጣልሃለሁ የምትለኝ» ነው ያለው። ግመሎቹ ደግሞ 10 ናቸው፣ ከከነዓን ድረስ የመጡ። በደንብ የጠማው ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ መጠጣት ይችላል። ሁሉም ግማሹን ብቻ ጠጡ እንበል። 500 ሊትር ነው። በእኛ ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጀሪካን ይወጣዋል። ያውም ወደ ምንጩ እየወረዱ፣ በእንስራ እየቀዱ፣ ለማያውቁት መንገደኛ! ውኃ ቀድታችሁ የምታውቁ ሴቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሰውዬው የጠየቀው ምልክት የልጅቷን ጠባይ የሚያሳይ ነበር።

ደግሞ በዚያ አላበቃም። እሷ ስትቀዳ ዝም ብሎ ይመለከታታል፣ እግዚአብሔር መንገዱን አቅንቶለት እንደሆነ ሊያውቅ። ከዚያ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠየቃት። ቤተሰቦቿ ዘንድ ገብቶ ነገሩን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ አወራ። በማግስቱም ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ቤተሰቦቿ ልጅቱን እንጥራና ከአፏ እንስማ አሉ። ርብቃ ተጠርታ «እሄዳለሁ» አለች። ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ምልክት፣ መጨረሻ ላይ የልጅቱ ፈቃድ ተጠየቀ።

እናንተ ወንዶች ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ብዬ ነው ያስረዘምኩት። «ጌታ ሚስቴ እንደሆንሽ ነግሮኛል» የምትሉትን ነገር ተዉ። ልጅቷን ጥግ ማስያዝ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ እምቢ ብትል አንተን ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔርንም እምቢ ያለች ሊመስላት ነው። ወደድኩሽ በላት። ወንድ ልጅ ይህን ማለት ካቃተው ጌታን ሽማግሌ አድርጎ መላክ የለበትም። ሴቶች ልጆቼ፣ እናንተም እምቢ ማለት ከእግዚአብሔር መጣላት አለመሆኑን እወቁ።

ትንቢትስ? ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ የለም። ግድግዳ ላይ ነው፣ ፕሮፋይል ላይ ነው፣ ባጃጅ ኋላ ላይ ነው። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» አሜን። ግን ይህ ቃል ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቃል ነው፣ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ። ከፍ ብላችሁ ብታነቡ ቤት ሥሩ ይላል፣ አትክልት ትከሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለዚያች ከተማ ሰላም ጸልዩ። ለምን? ቆይታችሁ 70 ዓመት ነውና! እዚያው ደብዳቤ ላይ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ከፊቱ ያለውን ምዕራፍ 28ን ካነበባችሁ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ፊት «በሁለት ዓመት ውስጥ» ምርኮኞቹ ይመለሳሉ ብሎ ተናግሯል። ኤርምያስ እንኳ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። ሰው ነውና ቢሆንለት ይወዳል። ግን አልሆነም።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ሁለቱ ነቢያት ዛሬ ሐዋሳ መጥተው ጉባኤ ቢጠሩ አዳራሹ የሚሞላው ለማን ነው? «ቪዛ ይታየኛል፣ በዚህ ዓመት ከአገር ትወጣለህ» ተብሎለት የአባቱን ከብት አሽጦ ለደላላ የሰጠ ልጅ አውቃለሁ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ትንቢቱን የተናገረው ሰው ግን አሁንም ይናገራል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ «ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ» ነው ያለው። እኛ የመጀመሪያዋን ይዘን መካከለኛዋን ዘለልናት። መፈተን ማለት ድፍረት አይደለም፣ የታዘዛችሁት ነው።

የኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ትልቅ ነገር ሲገጥማት የንስሐ አባቷን ሳታማክር አታደርገውም። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ «እኔና ጌታዬ» እንላለን፣ ሲበላሽ ግን መላው ኅብረት ተጠርቶ ገንዘብ ያዋጣል። እስቲ የሐዋርያት ሥራ 15ን ተመልከቱ። «ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ መልካም ሆኖ ታይቶናል» የሚለው ቃል የመጣው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ሐዋርያቱ ተቀምጠው ተከራክረዋል። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት እውነቱን የሚነግራችሁን ሰው ፈልጉ፤ የሚያጨበጭብላችሁን ሳይሆን ሒሳብ የሚጠይቃችሁን።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከየወረዳው የመጡ ልጆች ቸርች ውስጥ እየቆሙ «ጌታ በር ከፈተልኝ» ብለው ሲመሰክሩ እልል ብለናል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው ዕድል፣ ስታስወጣት ገበያው ተበላሸ፣ ጥለው የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ፣ ብዙ ልጆች ከሥራ ቀሩ። አንዷ መጥታ «እትዬ፣ ያኔ የሰማሁት ድምፅ የማን ነበር?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በአንድ ጥቅስ የሚዘጋ ሰው አትስሙ።

እኔ ያልኳት የሐዋርያት ሥራ 16ን ነው። ጳውሎስ በራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው «ተሻገርና እርዳን» ሲለው አየ። ተሻገረ። ፊልጵስዩስ ደረሰ። በራእይ ያየው ወንድ ነበር፤ ወንዝ ዳር ያገኛቸው ግን ሴቶች ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ልብሱን ገፈው በበትር ገረፉት፣ እስር ቤት አስገቡት፣ እግሩን በግንድ አጣበቁት። ሁሉም በዚያው ምዕራፍ ነው። ራእዩ ትክክል ነበር፣ ግርፋቱም ደረሰ። በር ተከፈተ ማለት ተከፍቶ ይኖራል ማለት እንዳልሆነ እዚያ ታያላችሁ። ልጅቷ በዚያ ደመወዝ ታናሽ ወንድሟን አስተምራለች። ይህንንም ነገርኳት። ተጽናናች ብዬ ግን አልዋሻችሁም፣ ሥራ ያጣ ሰው የሚፈልገው ሥራ ነው፤ ሲቪዋን አስተካክለን ጥቂት ቦታ ላክንላት።

ደግሞ ብዙ ነገር ምሪት አያስፈልገውም። ተነግሯላ! የጓደኛህን 5,000 ብር ሳትመልስ ስለ አዲስ ቢዝነስ ጌታን አትጠይቀው። ዕቁብህን በቀኑ ጣል። ሥራህ በሰዓቱ ግባ። አለቃህን አትዋሽ። መዝሙር 32 ላይ እግዚአብሔር በምትሄድበት መንገድ እመራሃለሁ ካለ በኋላ፣ ወዲያው እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ አትሁኑ ይላል፣ በልጓም ካልተያዙ እንደማይቀርቡት። ሁልጊዜ ምልክት ካላየሁ አልንቀሳቀስም የሚል ሰው ልጓም አምጡልኝ እያለ ነው። የተሰጠን ማስተዋልም የእሱ ስጦታ ነው።

«ሁለቱም ጥሩ ሲሆንስ? ጸልዬ ምንም ባልሰማስ?» ትሉኛላችሁ። በቅርቡ አንዲት ነርስ ይህንኑ ይዛ መጣች። ይርጋለም ሥራ አግኝታለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ጾማለች፣ ጸልያለች፣ ዝም ነው። የይርጋለሙ ሪፖርት ማድረጊያ ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ እንድወስንላት ነው የመጣችው፣ አልወሰንኩላትም። «ሁለቱም ኃጢአት አይደለም» አልኳት፤ «እናትሽ ዘንድ ቅርብ መሆን ትፈልጊያለሽ? አዲስ አበባ የቤት ኪራዩን ትችይዋለሽ? አንቺስ የቱን ወደድሽ?» የቱን ወደድሽ ስላት ደነገጠች። ያንን የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ።

ይርጋለም ገባች። ባለፈው ስትደውልልኝ ስለ ምሪት አንድም ነገር አላነሳችም። ስለ ሌሊት ተረኝነትና ስለ አከራይዋ ስታማርር ቆይታ፣ በመሐል ኳየር መግባቷን ጣል አደረገችልኝ።