ኮምቦልቻ አጥርና ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ ቤት ልግዛ ወይ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ። «ዱባይ ነው የምሠራው። ኮምቦልቻ ላይ አጥር፣ ጥበቃና መናፈሻ ያለው ግቢ ውስጥ ቤት አግኝቻለሁ። እናቴን ከደሴ አውጥቼ ላስገባት ነው። በወር 2,500 ብር የጋራ መዋጮ አለው። ያዋጣል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ዱባይ ነበርኩ፣ 9 ዓመት። እኔም እናቴን ከደሴ ብርድ ላወጣ ብዬ ነው የገዛሁት። ስለዚህ የኔን ልንገርሽ፤ ያንቺም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ሌሎቹ መልሰውልሻል። ውክልናውንም ታውቂዋለሽ፤ ቆንስላ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፤ አልደግመውም። እኔ ስለ በሩ ነው የማወራሽ።

1. በሩ የማን እንደሆነ ጠይቂ።

የቤቱን በር አላልኩም። የግቢውን፣ ዘበኛው የሚቆምበትን።

እንዴት እንደተሸወድኩ ላስረዳሽ። ዱባይ የሠራሁበት ቤት ጎልፍ ሜዳ ዳር ነበር። እንደዚያ ያለ ሰፈር ሳታውቂ አትቀሪም። መግቢያው ላይ ባሪየር አለ፤ ማዳም ስም ካላስመዘገበች እህትሽም ብትሆን አትገባም። በረሃ መሃል ሣሩ እንደ ክረምት ሜዳ ለምለም ነው። የሚጠጣው የተጣራ የፍሳሽ ውሃ መሆኑን አትክልተኛው እስኪነግረኝ ድረስ ተአምር ይመስለኝ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሣር ማጨጃው ይነሳል፣ እኔም አብሬው እነሳለሁ። ሁለት ጊዜ ኳስ መጥቶ የወጥ ቤቱን መስታወት ሰብሮብናል፤ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ማዳም ደግሞ አንድ ቀን የጎልፍ ዱላ ይዛ አላየኋትም። ሜዳው ዳር ቤት ስላላት ክለቡ የሷ አልነበረም፤ አባልነቱ ለብቻው ይከፈላል። የጋራ አገልግሎቱ ክፍያም አለ፤ በቤቱ ስፋት ተሰልቶ ይመጣባታል። ሂሳቡ ሞላክ በሚሉት የመንግሥት ሲስተም አልፎ ስለሚመጣ ግን፣ ስትጮህም ምን ላይ እንደምትጮህ ታውቃለች።

እና በ2011 ደላላው በዋትስአፕ አንድ ሥዕል ላከልኝ። ከኋላ ተራራ፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ የጎልፍ ዱላ ይዞ። ኮምቦልቻ ውስጥ! ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሰው መስኮት ስወለውል ያየሁትን ሣር እናቴ በራሷ መስኮት ልታየው ነው ብዬ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ ይበላል። የኛ ግቢ ከነመንገዱ 3 ሄክታር አይሞላም። ይህን ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ? አላሰብኩትም። ዛሬ «ጎልፍ ሜዳው» ላይ የጥበቃው አጎት በጎች ይግጣሉ። ማጨጃ አያስፈልገንም፤ ቢያንስ በዚህ ከዱባይ እንበልጣለን።

ቤቱን በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ገዛሁ። ስህተቴ እሱ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ዋጋ ደህና ነበር። ስህተቴ በላዩ ላይ የከፈልኳት 160 ሺህ ናት። «ለአጥር፣ ለበርና ለመዝናኛ ቦታ» ተባልኩ። የሰጡኝ ደረሰኝ ደግሞ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ ማኅተም የተመታበት ነው። ማኅተም ካየሁ ሁሉም ያለቀ ይመስለኛል፤ አስተዳደጌ ነው።

በ2012 ጠቅልዬ ስገባ ያቺን 160 ሺህ ምን ላይ አዋላችኋት ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ «የጋራው ነገር የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እዚያ ጠይቂ» አለኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ሄድኩ። አምስት ጊዜ! አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ባለሙያው ለቅሶ ሄዷል። በአምስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ቆሎ እየቆረጠመ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

«በር? የምን በር?»

«የግቢያችን በር።»

ፕላኑን ዘረጋውና በእስክሪብቶው ጀርባ ጠቆመኝ። ቆሎው ፕላኑ ላይ ተንጠባጠበ። «ይሄ 10 ሜትር የሕዝብ መንገድ ነው። በር የሚባል ነገር እዚህ የለም። አረንጓዴ ያልሽው ቦታም የመንግሥት ነው። ያንቺ ካርታሽ ላይ ያለው 200 ካሬ ብቻ ነው፤ 99 ዓመት ሊዝሽም እሱ ላይ ነው።»

«እኔ ዱባይ ሆኜ…» ብዬ ስጀምር፣

«ታዲያ ዱባይ ልትገዢ ነበራ!» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የሚያናድደው ግን ሰውዬው ልክ ነበር። በር ብዬ የገዛሁት ነገር ወረቀት ላይ የለም። ከተማው ነገ መንገዴን ክፈቱ ቢል የምመልሰው የለኝም።

ጠበቃ ያዝኩ። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውሉ የት ነው የተፈረመው?» ብሎ ነው። ቤቱ በደንቡ ነው የተፈረመው፤ የ160 ሺህዋ ግን ሻጩ ቢሮ ሻይ እየጠጣን ነው ያለቀችው፤ ያውም እኔ ሳልኖር፣ ወንድሜ ነው ሻዩን የጠጣው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ክፍል መመዝገብ አለበት። 1723ን እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድጃታለሁ። አንቺም ሸምድጂያት። ሻጩ «ይቺ እንኳ በመተማመን ናት» ካለሽ፣ ገንዘብሽ የምትቀረው እዚያች ላይ ነው።

ለበሩ ሁለት ጊዜ መክፈሌን ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። በ2014 ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ሁላችንም ወጣን። ዘበኛውም ወጣ፤ ነፍስ ነው፣ አይፈረድበትም። ስንመለስ ብዙ ነገር አልነበረም። የግቢው በር ላሜራ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ኮሚቴው ወዲያው ለአዲስ በር በነፍስ ወከፍ 9 ሺህ አዋጡ አለን። ፕላን ላይ ለሌለ በር!

2. መዋጮው 2,500 ነው ሲሉሽ የዛሬውን ነው የነገሩሽ።

የኛ በ600 ነው የጀመረው። ጄነሬተር አለ አሉ፣ ናፍጣውን ማን ይገዛል? የጉድጓድ ውሃ አለ አሉ፣ ፓምፑ ሲቃጠል ማን ያሠራል? ያላለቁት ቤቶች ባለቤቶች አይከፍሉም፤ እኛ የገባነው የነሱንም እንሸከማለን። ስለዚህ ስንት ቤት ሰው ገብቶበታል ብለሽ ጠይቂ። በቀን ሰው ልከሽ አታስቆጥሪ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የበራ መብራት ያስቆጥሩልሽ።

3. የመተዳደሪያ ደንቡን ከመፈረምሽ በፊት ለእናትሽ አንብቢላት።

ለወንድምሽ አይደለም፣ ለራሷ። እኔ ይህን አላደረግሁም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ ነው፣ ይቅርታ።

እማዬ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው ዕድሜዋን የኖረችው። ጉልበቷን ብርዱ ጨረሰው። ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደሽ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትያለሽ፣ አየሩ ሌላ አገር ነው። ጉልበቷ በሁለት ወር ተሻላት። እሱን አልክድም፤ ያቺን ቀን አሁንም እኮራባታለሁ። ግን ሳመጣት «ቅሬሽንም ተሰናብተሽ ነይ፣ እዚያ የማትኖሪበት ሰፈር ምን ትከፍያለሽ» አልኳት። ቅሬ የምንለው እድሩን ነው። እሺ አለችኝ። የእማዬ እሺ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው።

በ2015 አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ፣ ጅዳ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ለቅሶው እኛ ቤት ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ስልክ ተደወለልኝ። «እህት፣ ሰዎች መጥተዋል፣ ብዙ ናቸው።» ወጣሁ። ሁለት ዶልፊን ሙሉ የደሴ ሴቶች፣ 23 ሰው። አገልግሉን፣ ማንደጃውን፣ ጀበናውን፣ ከሰሉን፣ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ድንኳን ሳይቀር ይዘው። የእማዬ ቅሬ ነው። ተሰናበተችው ያልኩት ቅሬ! ለካ በየወሩ መዋጮዋን በዶልፊን ረዳት እጅ ስትልክ ኖራለች።

ጥበቃው የቃሉ ወረዳ ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ደንቡን አውጥቶ ያነባል። ተራ ቁጥር 14፣ ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ8 እንግዳ በላይ አይገባም። ተራ ቁጥር 15፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን መትከልና ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወልኩ። «ለቅሶ ለብቻው ስላልተጠቀሰ እንደ ድግስ ነው የሚታየው» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል።

እትዬ ከዲጃ፣ ሴቶቹን ያመጣቻቸው፣ ልጁን አየችውና «ልጄ፣ ይሄ ሰፈር ነው ወይስ ካምፕ?» አለችው። ልጁ አቀረቀረ። «አብሽር፣ አንተ እንጀራህ ነው» አለችና ሰሌኗን ከበሩ ውጭ አስፋልቱ ዳር ዘረጋች። ሌሎቹም ዘረጉ። ድንኳኑን በአጥራችንና በመብራት ምሰሶው መካከል ወጠሩት።

እማዬ መስማት የለባትም ብዬ ነበር። ግን ስዞር ከዘራዋን ይዛ እየመጣች ነው። ከቤታችን እስከ በሩ 200 ሜትር ይሆናል። ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች። ማንንም አልተናገረችም። ወጥታ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች፣ ያን ጊዜ ልቅሶው ተነሳ። ቡናው ተፈላ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ዱዓው ተጀመረ። ባጃጆች እየቆሙ ሾፌሮቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ሴትዮ፣ ክርስቲያን ናት፣ ሰላምታም ተለዋውጠን አናውቅም፣ የነሱን ቅሬ አግዳሚዎች ከልጆቿ ጋር አሸክማ አመጣችልን። የግቢያችን ሰው ደግሞ በመኪና ሲወጣ ሲገባ መስታወቱን እየዘጋ ያልፋል። ሁሉም አይደሉም፤ ሦስት ቤት ወጥተው አብረውን ተቀምጠዋል።

ሦስት ቀን በዚያው ሆነ። ግቢው ውስጥ ያለው ሳሎኔ ባዶውን፣ ሶፋው ላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? ተወው ቁጥሩን።

ከአርባው በኋላ ያችን ደንብ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። «እናታችሁ ስትሞት የት ነው የምትቀመጡት?» ነው የምለው፣ ሌላ ንግግር የለኝም። በሁለት ወር 31 ፊርማ አሰባሰብኩ። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢው «የግቢው ደረጃ ይወርዳል» አለ። እኔ ተነስቼ ፕላኑን ዘረጋሁት። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ በሩ ፕላን ላይ የለም፣ ለቅሶ መጣሁ ያለን ሰው የምንከለክለው በየትኛው ሥልጣን ነው አልኩ። ያ ቆሎ ቆርጣሚ ሰውዬ ያዋረደኝ ነገር ለዚህ ጠቀመኝ። 14ም 15ም ተሻሩ። አሁን በሩ ከጠዋት እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት ነው፣ ጥበቃው የሚቆመው ለሌሊቱ ነው። የግቢው ሂሳብ መርማሪም እኔ ነኝ። የናፍጣ ደረሰኝ ያልያዘ ሰው አጠገቤ አይደርስም። ማዳም ያን ሁሉ ዓመት ስትጮህ የሰማሁት በከንቱ አልቀረም።

160 ሺህዋ ግን አልተመለሰችም። ክሱ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው።

አንቺ እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሻጩን የሳይት ፕላኑን ፎቶ ጠይቂው፣ ሥዕሉን አይደለም። በሩ ያለበትን መንገድ ስፋት ተመልከቺ፤ ቁጥር ከተጻፈበትና ወደ ሌላ ሰፈር የሚያልፍ ከሆነ የከተማው ሳይሆን አይቀርም። ለአጥርና ለመናፈሻ ለብቻው ክፈይ ካሉሽ፣ አትክፈይ፤ ከከፈልሽም ዋናው ውል ውስጥ ይግባ። ደንቡን በስልክ አስነብቢና ላኪልኝ፣ ማታ ማታ ነፃ ነኝ።

እናትሽን ደግሞ ቅሬሽን ልቀቂ እንዳትያት። ብትያትም እሺ ትልሻለች። እማዬ አሁን የሁለት ቅሬ አባል ናት፤ የደሴውና የባለሱቋ። ዛሬም ጠዋት የዶልፊኑ ረዳት በሩ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ብሯን በመሐረብ ቋጥራ ስትወጣ አይቻታለሁ። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።