ጠገራ ብር ስላብለጨለጨ ፕሩፍ አይሆንም

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከአያትሽ ሳጥን የወጣው ጠገራ ብር እንደ መስታወት ፊትሽን ያሳይሻል፣ አንድ ሰው ፕሩፍ፣ ማለትም ለሰብሳቢዎች በልዩ ጥንቃቄ የተመታ፣ ነው ብሎሻል፣ ከላይ ጠርዙ ላይ ግን ቢጫ ነገር አለው። እኔ ያቺን ቢጫ ነገር ሳነብ ነው የጠረጠርኩት። ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ነው፣ በኋላ አንዱ በሞረድ ፈግፍጎ አነሳውና ጠባሳው እንዳይታይ በሞተር ወለወለው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ስንቱን ጠገራ እንዳበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው። አደራ አንቺ ደግሞ በጥርስ ሳሙናም በሎሚም እንዳትነኪው።

ፕሩፍ ማለት የሚያብረቀርቅ ማለት ሳይሆን የሚመታበት መንገድ ነው። ተራውን ማሽኑ አንዴ መትቶ ይጥለዋል፣ እዛው ከሌላው ጋር ይጋጫል ይጫጫራል። ለፕሩፍ ግን ብሩ ገና ሳይመታ ይወለወላል፣ መምቻው ማህተምም ሜዳው፣ ማለትም ምስልና ፊደል የሌለበት ጠፍጣፋው ቦታ፣ እንደ መስታወት እስኪሆን ይወለወላል፣ የዛሬዎቹ ላይ ምስሉን የሚያወጣው ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ሆን ተብሎ ይሻክራል፣ ከዛ በከባድ ጉልበት ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል፣ በእጅ በጥንቃቄ ይነሳል። ስለዚህ ሜዳው መስታወት ሆኖ ብሩ ላይ ያለችው የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ፊትና ፀጉሯ አመዳይ እንደወረደበት ነጣ ይላል። የሞተር ውልወላ ይሄን አይለይም፣ ጉንጯንም ሜዳውንም እኩል ያበራዋል።

አሁን ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ያዢ፣ አንድ መብራት ብቻ አብሪና ብሩን በጠርዙ ይዘሽ አዘንብዪው። ፀጉር የመሰለ ጭረት ከሜዳው ተነስቶ ጉንጯ ላይ በአንድ አቅጣጫ ካለፈ፣ ፊደሎቹ ሥር ጥቁር ከቀረ፣ አለቀ፣ የተወለወለ ተራ ብር ነው። ዓመተ ምህረቱን አትመልከቺ፣ ንግሥቲቱ በፈረንጆች 1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 ነው የሚለው፣ ቪየና ዛሬም ተራውንም ፕሩፉንም በዚሁ ዓመት ትመታለች።

ጠርዙ ላይ ከፍ ያለ የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት፣ በፍትህና በምህረት ማለት ነው፣ ከሌለ ወይ ከደበዘዘ በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ ገበያው በሱ ተሞልቷል። መዝኚውም፣ አዲሱ 28.06 ግራም አካባቢ ነው፣ ያንቺ በመነካካትና በሞረድ ትንሽ ቢቀንስ አይግረምሽ፣ ብየዳው ደግሞ ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። ርካሽ የኩሽና ሚዛን ግን አይሆንም፣ የግራም መቶኛ የሚያነብ ፈልጊ። አሲድ ጠብ አድርገን እንፈትሸው የሚልሽ ካለ ብሩን ተቀበዪና ውጪ።

ፕሩፍ ባይሆንም ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ 23 ግራም ከምናምን ንጹህ ብር አለው፣ የአያትሽ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። ቢጫውን ብየዳ ተዪው፣ እሱን ለማንሳት የሚሞክር ሁሉ ሌላ ጠባሳ ነው የሚጨምርበት። በድጋሚ እልሻለሁ፣ አትወልውዪው። በዛ ለስላሳ ርካሽ ፕላስቲክ ኪስም አታስቀምጪው፣ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣበታል፣ ጠንካራ ክብ መያዣ ግዢለት። አንገትሽ ላይ ማድረግ ካማረሽም አታስበይጂው፣ ዙሪያውን አቅፎ በብሎን የሚጠብቅ ፍሬም አሠሪለት።